ደብረ ብርሃን ላይ ሦስት ሌሊት፦ «ሼልተር» የሚል ካርቶን የተለጠፈባት የእንግዳ ማረፊያ

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው፤ ሥራ ሲገኝ ግን ደብረ ብርሃን ብቅ እላለሁ። ባለፈው ወር የሦስት ቀን ስልጠና ነበር። ጉዳዩ ከቀያቸው ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ስለሚኖሩ ወገኖች ነው። አሰልጣኞቹ በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ሦስቱን ሌሊት ያደርኩት አምስት ክፍል ባላት አንዲት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚች ቤትና ክፍሌ ግድግዳ ላይ ስላገኘሁት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው።

ስሟን አልጠራም። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። «ስሜንም ቤቴንም ስልክ ላይ እንዳታወጣ ልጄ» አሉኝ፣ እሺ አልኩ። የምር ማደሪያ የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አቅጣጫውን እነግረዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ብርዱ። ከሸዋ ሮቢት በቲሸርት የተነሳ ሰው ደብረ ሲና ላይ እጁን ማሸት ይጀምራል፣ የጣርማ በርን ዋሻ ሲያልፍ ደግሞ ጃኬቱን ከሻንጣው ያወጣል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሌሊቷ ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ እኔ አልጋ ስከራይ መጀመሪያ የማየው ቴሌቪዥኑን አይደለም፣ ብርድ ልብሱን ነው።

ከመናኸሪያ በባጃጅ ስሄድ የግራና የቀኙን ታፔላ እያነበብኩ ነበር። የሙያ ነገር ሆኖ ታፔላ ሳላነብ ማለፍ አልችልም። ሆቴል የሚል አለ፣ ፔንሲዮን የሚል አለ፣ ጌስት ሃውስ የሚል አለ። እኛ አገር ሆቴል የሚለው ታፔላ አልጋ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ገብተህ ስትጠይቅ ጥብስና ሽሮ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፔንሲዮን ደግሞ እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ጡረታ ነው የሚመስለው። አውሮፓ ውስጥ ፔንሲዮን ብዙ ጊዜ ምግብም የሚያቀርብ ቤት ነው፣ እኛ ጋ ግን አልጋ ብቻ። ሞቴል የሚለው ቃል ራሱ ሞተርና ሆቴል ተጣብቀው የተሠራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ካሊፎርኒያ ውስጥ በመኪና ለሚመጣ ሰው በተሠራ ማረፊያ ነው የተጀመረው። ሎጅ ድሮ የቅጠልና የእንጨት ጎጆ ማለት ነበር፤ ዛሬ ከሁሉም ውድ የሆነው እሱ ነው። ለዚህ ለዚህ መንዝ ጓሳ ላይ ያለው የማህበረሰቡ ሎጅ ለቃሉ ይቀርባል እላለሁ፣ ጓሳው ራሱ የቤት ክዳን የሚሆን ሣር ነውና።

ወደ ቤቷ ልመለስ። የእሷ በር ላይ ታፔላ የለም። ቆርቆሮ በር፣ ግቢ ውስጥ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ተጋድሟል፣ ከዚያ በረንዳ። ክፍሉ ጠባብ ነው። አልጋው ላይ ከላይ የፋብሪካ ብርድ ልብስ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ የመንዝ ባና። ባና የማታውቁ ካላችሁ፣ ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም የብርድ ልብስ ነው፣ ቡኒና ጥቁር መልክ አለው፣ ሲነኩት ይኮሰኩሳል፣ ሲለብሱት ይከብዳል። ክብደቱ እግርን ቆንጥጦ ይይዛል። እኔ በሦስቱም ሌሊት አንድ ጊዜ እንኳ በርዶኝ አልነቃሁም፣ ከዚህ በፊት ከዚች ቤት ሦስት እጥፍ ከፍዬ ባደርኩበት የዚሁ ከተማ ፎቅ ላይ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጃኬቴን ለብሼ ነው ያነጋሁት።

ከመብራት ማብሪያው በላይ አንድ የካርቶን ቁራጭ በፕላስተር ተለጥፏል። በሰማያዊ ማርከር፣ በደንብ በተጠነቀቀ የእጅ ጽሑፍ። ከላይ በአማርኛ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። ከሥር በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ሲነበብ «ዊ ሼልተር ጌስትስ» ይላል። እንግዳ እናስጠልላለን ማለቱ ነው።

ቁጭ ብዬ አየሁት። ቀኑን ሙሉ ስታገል የዋልኩት ከዚህ ቃል ጋር ነበርና።

የዚያን ቀን ጠዋት ምን ሆነ መሰላችሁ። አሰልጣኙ «ዊ ዊል አኮሞዴት ፎርቲ ፋሚሊስ» አለ። እኔም ቶሎ ብዬ «40 ቤተሰብ እናስተናግዳለን» አልኩ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ የቀበሌ ሠራተኛ እጃቸውን አወጡ። «ማስተናገድ ሲባል ምዝገባ ነው ወይስ ማደሪያ?» አሉ። ልክ ናቸው። ቢሮ ውስጥ ባለጉዳይ ይስተናገዳል፣ ሠርግ ላይ እንግዳ ይስተናገዳል፣ አንዱም ግን አልጋ አይሰጠውም። እንግሊዝኛው ራሱ ሁለት ጎን አለው። አኮሞዴት ማለት ከሥሩ ማስማማት፣ እንዲመች ማድረግ ነው። አዳራሹ 200 ሰው ያኮሞዴታል ሲባል ይይዛል ማለት ነው፣ ማንም እዚያ አያድርም። ለአካል ጉዳተኛ ሥራውን ማመቻቸትም በዚሁ ቃል ይባላል። ሆቴል ያኮሞዴትሃል ሲባል ግን አልጋ ይሰጥሃል። አሰልጣኙን ጠየቅኩት፣ ለጊዜው የሚተኙበት ቦታ ማለቱ ነበር። «ለ40 ቤተሰብ ማደሪያ እናዘጋጃለን» ብዬ አስተካከልኩ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ስሜት ወዲያው ተቀየረ። ሰው እስክሪብቶ አነሳ። የአንድ ቃል ነገር ነው፣ ግን ከኋላው 40 ቤተሰብ አለ።

ከሰዓት ደግሞ የባሰ መጣ። «ይህ ፕሮጀክት ሼልተር እንጂ ሃውዚንግ አይደለም» አለ ሌላው። ይህን በአማርኛ በአንድ እስትንፋስ ልትለው አትችልም። ሼልተር ከአንድ ነገር የሚሸሸጉበት ነው፤ ከዝናብ፣ ከብርድ፣ ከጥይት። ሸራም ሼልተር ነው፣ ዋሻም ሼልተር ነው፣ የዛፍ ጥላም ጭምር። ስንት ቀን እንደምትቆይ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ ቃሉ አይናገርም። ሃውዚንግ ግን የሚኖሩበት ቤት ነው። ግድግዳ አለው፣ አድራሻ አለው፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ የሚጻፍ የቤት ቁጥር አለው። ቻይና ካምፕ የሚባለውን የተፈናቃዮች ቦታ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እዚያ ያለው ሼልተር ነው። ሰዎቹ የሚጠይቁት ሃውዚንግ ነው። ሁለቱንም «መጠለያ» ብዬ ብተረጉም ኖሮ ጥያቄያቸውን አፍኜው ነበር። ስለዚህ አንዱን መጠለያ፣ ሌላውን መኖሪያ ቤት አልኩ፣ በየመሃሉም እያስረዳሁ ሄድኩ። ቀኑ ሲያልቅ ድምፄ ተዘግቶ ነበር።

እና ማታ ክፍሌ ስገባ ያ ካርቶን። እኔ ተፈናቃይ አይደለሁም። ከፍዬ የገባሁ ሰው ነኝ። ከምንም አላመለጥኩም፣ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት በስተቀር።

ማታ ቡና ተፈልቶ ነበር። እማማ (እንደዚያ ነው የምላቸው) ከሰሉ አጠገብ፣ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ደብተሯን ይዛ በርጩማ ላይ። ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት። ካርቶኑን ማን እንደጻፈው ጠየቅኩ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ስህተት አለው?»

«ስህተት እንኳን አይደለም፣ ለእኔ አይሆንም ብዬ ነው።»

«ሼልተር ማስጠለል አይደል? ማስጠለል ደግሞ እንግዳ መቀበል ነው።»

ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ተጫወትን። ልጅቷ የምትጠይቀው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነበር። «ታዲያ ሃውስ ልበለው?» አለች። ሃውስ ግስ ሲሆን መጀመሪያ ነገር ሃውዝ ተብሎ ነው የሚነበበው፣ መጨረሻው እንደ ዘ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ቤተሰብ እንግዳን ሃውዝ አያደርግም። ሃውዝ የሚያደርገው መንግሥት ነው፣ ድርጅት ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ብዙ ሰው ይዞ በየክፍሉ የሚደለድል አካል። ሙዚየም ቅርሱን ሃውዝ ያደርጋል፣ መጋዘን ማሽኑን ሃውዝ ያደርጋል። ለእንግዳ ቀዝቃዛ ቃል ነው። የእሷ ዶርም ግን በትክክል ሃውዝ ያደርጋታል አልኳት፣ ሳቀች።

«ሎጅስ?» ሎጅ ግስ ሲሆን ለጥቂት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በኪራይ፣ ሰው ቤት ውስጥ ማደር ነው። ሎጀር የሚባለው ሰው በአማርኛ ድንቅ ስም አለው፣ ደባል። ደባልና ተከራይ አንድ አይደሉም። ተከራይ በሩን ዘግቶ የራሱ ያደርጋል፣ ደባል ግን ከባለቤቱ ጣሪያ ሥር ነው። እንግሊዝ አገር በዚህ ልዩነት ላይ ትልቅ ክርክር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1985 ያኔ የበላይ ፍርድ ቤት እስከነበረው የጌቶች ምክር ቤት ድረስ ደርሷል፤ ቤቱን ለብቻው የያዘ ተከራይ ነው፣ ባለቤቱ አገልግሎት እየሰጠ እንደልቡ የሚገባበት ከሆነ ግን ደባል ነው ተባለ። ውል ላይ ምንም ስም ብትጽፍ አይለውጠውም። እኛ አገርም በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ያየ ሰው፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ በደባልነት የኖረ ሰው፣ ይህን ያለ ጠበቃ ያውቀዋል። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደባል መሆን ክፉ ነው፣ ድስትህን ሳይቀር እያዩህ ነው የምትጥደው» አሉ።

ልጅቷ ደብተሯን ገልጣ አንድ የጻፈችውን አረፍተ ነገር አነበበችልኝ። ለትምህርት የተሰጣት ድርሰት ነው። አዲስ አበባ አክስቷ ጋ አንድ ሳምንት እንዳደረች ልትል ፈልጋ «ማይ አንት ፑት አፕ ዊዝ ሚ» ብላለች። ፑት ሚ አፕ ቢሆን አሳደረችኝ ነው፣ ወዳጅ ለወዳጁ የሚለው ቀላል ቃል። ዊዝ ስትገባበት ግን አክስቴ ቻለችኝ፣ ታገሰችኝ ይሆናል። አክስትየው ብታነብ ታዝናለች። ቶሎ ሰረዘችው።

ሆስት (እንግዳ ተቀባይ) የሚለው ደግሞ እኔ ራሴ ለዓመታት ስበድለው የኖርኩት ቃል ነው። በፊት አስተናጋጅ እል ነበር። አስተናጋጅ ስትል ግን ሰው የሚያየው ትሪ የያዘ የምግብ ቤት ልጅ ነው። ሆስት ኮሚኒቲን አስተናጋጅ ማህበረሰብ ብትለው የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ሽርጥ ያሰረ ይመስላል። አሁን ተቀባይ ማህበረሰብ ይባላል፣ የተሻለ ነው። ቃሉ የመጣበት ላቲን እንግዳንም ባለቤትንም በአንድ ስም ነበር የሚጠራው፤ ሆቴልም፣ ሆስቴልም፣ ሆስፒታልም ከዚያው ቤት የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። ሃርበር የሚባልም አለ። እሱ ወንጀለኛ መደበቅ ላይ ነው የሚነሳው፣ ቂም መያዝም በእሱ ይባላል። ግድግዳ ላይ አይለጠፍም።

እዚህ ላይ እማማ አንድ ነገር አነሱ። አያታቸው ወታደር ቤታቸው ሲመራባቸው እንዴት ይማረሩ እንደነበር። ይህ ተሰሪ የሚባለው ነው፣ ወታደሩ ገበሬው ቤት ገብቶ የሚቀለብበት ሥርዓት። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁለት ቃል አለው፣ ኳርተርና ቢሌት። ቢሌት መጀመሪያ ወረቀቱ ነበር፤ «ይህን ወታደር አሳድር» ብሎ ለባለቤቱ የሚሰጥ ትእዛዝ። ኳርተር ደግሞ የሚገርም ነው። ሰፈር ማለትም ነው፣ ወታደር ማስፈር ማለትም ነው። የእኛም ሰፈር የመጣው ሠራዊት ከመስፈሩ ነው። ሁለት ቋንቋ ሳይተያዩ አንድ ቦታ ተገናኝተዋል። አሜሪካኖች ይህ ነገር አስመርሯቸው እ.ኤ.አ. በ1791 በጸደቀው ሦስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያቸው፣ በሰላም ጊዜ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወታደር ቤት እንዳይገባ ከልክለዋል። ከዚያ 50 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1841፣ ካፒቴን ሃሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ እዚሁ አጠገባችን አንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጣ። የንጉሥ እንግዳ ድርጎ (ቀለብ) ይቆረጥለታል። ድርጎው ከማን ጓዳ እንደሚወጣ ግን የታወቀ ነው፣ ከገበሬው። እንግዳም ሆኖ ሰው ላይ መጫን አለ ማለት ነው።

እማማ ሁለተኛውን ቡና እየቀዱ ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉ። «እናንተ እንግሊዝኛ የምትሉት ማን ምን እንደሆነ ነው የሚለየው። እኛ ስንት ቀን እንደሆነ ነው የምንናገረው። ያዋልኩት አለ፣ ያሳደርኩት አለ፣ ያሰነበትኩት አለ፣ ያከረምኩት አለ።»

20 ዓመት አስተርጉሜ ይህን አስቤው አላውቅም። እውነት ነው፤ ማሳደር ውስጥ ሌሊት አለ፣ ማሰንበት ውስጥ ሰንበት አለ፣ ማክረም ውስጥ ክረምት አለ።

«ያከረሙት አለ እንዴ?» አልኳቸው።

አለ። ባለፈው ክረምት ነው። አንዲት እናት ሁለት ልጅ ይዛ በዝናብ በሩን አንኳኳች። «መሽቶብኛል፣ በእግዜር» አለች። ከወለጋ ነው የመጣችው፣ ትንሹ ልጅ ጫማ አልነበረውም። እማማ የኋላውን ክፍል ከፈቱላት። አንድ ሌሊት ተብሎ ሐምሌ ወጣ፣ ነሐሴ ወጣ፣ መስቀል አለፈ። ብር አልጠየቋትም። ሴትዮዋ እንጨት ትለቅም፣ ግቢ ትጠርግ ነበር፣ እሱንም «ተዪው» እያሏት። ከዚያ የወንድሟ ቤት ተገኘና አዲስ አበባ ሄደች። አሁንም ትደውላለች።

«እሷን አስጠጋኋት። አንተን አሳደርኩህ። አንተ ከፍለሃል፣ እሷ ተጠግታለች። ለሰውየው ካልሆነ በቀር ለባናው አንድ ነው» አሉ።

የልጅ ልጃቸው ካርቶኑን የጻፈችው ያን ጊዜ ነው። አያቷ «ሰው እናስጠጋለን» ሲሉ ሰምታ፣ መዝገበ ቃላት ገልጣ፣ ሼልተር የሚለውን አገኘች። ለዚያች እናትና ለልጆቿ ቃሉ በትክክል ቦታው ነበር። ክረምቱ ሲያልፍ ካርቶኑ ወደ እንግዳ ክፍል ተዛወረ እንጂ።

አዲስ ጻፍን። ብዙ አልተጨነቅንም፣ «ዌልካም» በቂ ነው። ክፍያና ሰዓት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ከሥሩ ተጻፈ። የድሮውን ልጅቷ ልትጥለው ስትል እማማ «አምጪው» ብለው ተቀበሏት፣ ጠዋት ለመታጠብ ስወጣ የኋላው ክፍል በር ላይ ተለጥፎ አየሁት።

አሁን የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ። ሌሊቱ 500 ብር ነው፣ ቁርስ አለበት። ቁርሱ የገብስ ቅንጨ ነው፣ ፍስክ ከሆነ በቅቤ፣ ጾም ከሆነ በዘይት፣ ከትልቅ ብርጭቆ ሻይ ጋር። ገብሱ የአገሩ ነው፣ ሲያኝኩት ያስታውቃል። ራት ከፈለጋችሁ ከ10 ሰዓት በፊት ተናገሩ፣ አለዚያ ሽሮ ነው፣ ሽሮውም ግን አይታማም።

የማይመቸውንም አልደብቅም። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፣ ሌሊት መውጣት ከባድ ነው፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ የስልክ መብራት ያስፈልጋል። ሻወር የለም፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አንድ ባልዲ ሙቅ ውሃ በር ላይ ይቀመጥላችኋል፣ ከዘገያችሁ ይቀዘቅዛል። ግድግዳው ስስ ነው፣ የጎረቤቴን ስልክ ንግግር ሙሉውን ሰምቻለሁ። ዋይፋይ የለም። ለሥራ ላፕቶፕ ከፍቶ ለሚያመሽ ሰው አልመክርም፤ ጠረጴዛም የለም፣ እኔ ቃላቴን የጻፍኩት ጭኔ ላይ ነው። ልጅ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ደግሞ ሁለት ክፍል ቀድሞ ቢይዝ ይሻላል፣ አልጋዎቹ ጠባብ ናቸው።

ደረሰኝ እንደ ትልቅ ሆቴል አይጠብቁ። እኔ ለድርጅቱ ማቅረብ ስለነበረብኝ ልጅቷ ከሰዓት ሄዳ የደረሰኝ ጥራዝ አመጣች፣ «ምን ብዬ ልሙላው፣ አኮሞዴሽን ልበል?» አለችኝ። በይ አልኳት። ሁለት ሲ፣ ሁለት ኤም። ሁለቱንም ሳትረሳ ጻፈችው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሒሳቤን ዘግቼ ስወጣ እማማ በሶ በላስቲክ ቋጥረው ሰጡኝ። «መንገድ ላይ ትበጠብጠዋለህ» አሉ። ጣርማ በር ላይ መኪናው ሲቆም በጠበጥኩት።